ሦስተኛ ወገን

ቃናኒ ከካርቶን ሁለት ቁራጭ ቀድዳ የእማማ ጤናዬን እግር ግራና ቀኝ ደገፈችው፤ ከዚያም በሻርፗ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። አጥንቱ ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ መሰበሩን እጇ ነግሯታል። በጾሬ የስደተኞች ጣቢያ ስድስት ዓመት በነርስነት ሠርታለች። ሩቅ ሄደው ብረት ካልገባላቸው ሴትዮዋ በዚህ እግር ዳግመኛ እንደማይቆሙ ታውቃለች።

«ለማሳዬም ለገበያዬም ያለችኝ እቺው ናት» አሉ እማማ ጤናዬ፣ የሰው እግር የሚያዩ ይመስል ቁልቁል እያዩ።

ቃናኒ አባቷን ለምርመራ ከባምባሲ ልታመጣ ጠዋት አሶሳ ላይ መኪና ተከራይታ ነበር የወጣችው። ቀኙን ይዞ ከፊቷ ይሄድ የነበረው ባጃጅ ምልክት ሳያሳይ ድንገት ወደ ግራ ታጠፈባት። ፍሬን ያዘች፤ አልደረሰላትም። ባጃጁ ሲገለበጥ የተሳፋሪዋ የእማማ ጤናዬ እግር ከሥሩ ተያዘ። የኪራይ መኪናዋም የፊት ጎማው ታጥፎ ከአስፋልቱ ዳር ቆሟል። አምቡላንስም ትራፊክ ፖሊስም ተጠርተዋል፤ እስካሁን የመጣ የለም።

ባቢከር፣ የባጃጁ ሹፌር፣ ክንዱ ከመላጡ በቀር ደህና ነው። ከመንገዱ ዳር ካለ የማንጎ ዛፍ ሥር ሆኖ ቃናኒን ጠራት። አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛውን ወንድና ሴት እያቀላቀለ ነው የሚናገረው።

«ዶክተር፣ የኔ ባጃጅ ኢንሹራንስ የለም። ያንተ መኪና አለው። ፖሊስ ሲመጣ፣ እኔ ነኝ የገጨሁ በል። ኢንሹራንስ እሷን ያሳክመዋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወላሂ፣ ለራሴ አይደለም።»

ለራሱም እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ልትቆጣው ፈልጋ ቁጣው አልመጣ አላት፤ ያለው ነገር እውነት ነዋ። ጥፋቱ የእሷ ከተባለ የኪራይ መኪናው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሴትዮዋን ያሳክማል። የእሱ ከተባለ ግን ከዚህ ባዶ እጁን ከቀረ ሰውዬ ምን ይገኛል? በሌላ በኩል ሰው አቁስላ መከሰስ አለ። መንጃ ፈቃዷ አለ፤ ምናልባትም ሥራዋ። አባቷም ልብሳቸውን ለብሰው ደጅ ደጁን እያዩ ነው።

ትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን መርጋ በሞተር ሳይክል ደረሰ። ጎማው አስፋልት ላይ የተወውን ምልክት በሜትር ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ከዚያም እንዴት እንደሆነ እንድትነግረው ጠየቃት። ቃናኒ ባቢከርን አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል። አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደነበር ዛሬም ድረስ አታውቀውም።

«እሷ ምን ታድርግ» አሉ እማማ ጤናዬ ከተኙበት። «እሱ ነው ሳያይ የታጠፈባት። ከኋላው ተቀምጬ አይቻለሁ።»

ሳጅኑ ወደ ቃናኒ ዞረ። «ልክ ናቸው?»

«አዎ» አለች። «ልክ ናቸው።»

የመጣላት እፎይታ አሳፈራት። ባቢከር የባጃጁን ቁልፍ አውጥቶ ለሳጅኑ ሰጠና አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።

ቃናኒ የተሰበረውን እግር ማሰሪያ ልታይ ስትንበረከክ እማማ ጤናዬ እጇን ያዙት። «ዛፉ ሥር ያላችሁትን ሰምቼ ነበር፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። ቃናኒ የሻርፑን ቋጠሮ ፈትታ እንደገና አሰረችው።

አምቡላንሱ ሲመጣ በቃሬዛ አነሷቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ አንድ ጫማቸው ወዲያ መቅረቱን ተናገሩ። ቃናኒ ሮጣ ከተገለበጠው ባጃጅ ሥር አገኘችው፤ ፀሐይ ያሞቀው፣ ተረከዙ ያለቀ የፕላስቲክ ጫማ ነበር። ልታጠልቅላቸው ብትሞክር እግራቸው ከማበጡ የተነሳ እምቢ አለ። አምቡላንሱ ሊነሳ ሲል አብራቸው ገባች፤ ጫማውንም በሁለት እጇ ይዛ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች።