የጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ገብረዋህድን ሥራ ያስተማረችው ሰብሊ ናት። አምና የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊነት ክፍት ሲሆን ግን ወንበሩን ያገኘው እሱ ነው። ሰብሊ «እንኳን ደስ አለህ» አለችው፤ ቂሟን ቋጥራ ቀን ጠበቀች።

ቀኑ ይኸው መጣ።

ድርጅቱ ከቄራ ሥጋ እየጫነ ለሆቴሎች ያከፋፍላል። ለሾፌሮቹ ትእዛዝ የሚደርሳቸው ካዛንቺስ ካለው ቢሮ በሚላክ የመልእክት ሲስተም ነው። ይህ ሲስተም ከሁለት ሳምንት ወዲህ በየቀኑ ልክ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጸጥ ይላል። «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ይላል ስክሪኑ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። እስከዚያ መኪኖቹ ሥጋ እንደጫኑ ይገተራሉ። ደምበል አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ውሉን አቋርጧል።

ሰብሊ ኔትወርኩን አየች፤ ደህና ነው። ፓስወርዱን አየች፤ ትክክል ነው። የሰርቨሩ ሰዓት እንኳ በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ደቂቃ አልተዛነፈም። ከዚህ በላይ መፈለግ አላሰኛትም።

«በየቀኑ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ብልሽት የለም፤ ይሄ የሰው እጅ ነው» አለቻቸው ሥራ አስኪያጇን ወይዘሮ ጀማነሽን።

«የማን?»

«ሰርቨሩ ውስጥ መግባት የምንችለው እኔና ገብረዋህድ ነን። እኔ እንደሆነ ባለፈው ያዘዙኝን ባክአፕ፣ የመረጃ ቅጂውን እንኳ፣ ሰው እንዳይጉላላ ብዬ በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲሠራ ነው ያደረግኩት። ሁሉም ሰው ግን እንዲህ አያስብም።»

ደብዳቤውን ራሷ አረቀቀችው። እስከ ነገው ስብሰባ ማንም ሰርቨሩን አይነካም፤ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል።

«አልከረረም?» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ።

«ያንሳል እንጂ።»

ፈረሙ።

ከሰዓት በኋላ ገብረዋህድ ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ። ግንባሩን አልቦታል።

«ሰብሊ፣ ማለቴ... ከስብሰባው በፊት ሁለታችን ብቻ አንድ ነገር ብናወራ?»

«የሚወራ ካለ ሰው ፊት ይወራል።»

«ማንም ሳይሰማ እኮ ልናስተካክለው እንችላለን።»

«ሰው ፊት አልኩህ።»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሰብሊ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ሠራተኛው ሁሉ ትልቁ ስክሪን ፊት ተሰብስቧል። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ያ የተለመደ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«አሁን ሰርቨሩ ላይ ምን እየሠራ እንደሆነና ማን እንዳዘዘው ክፈትና አሳየን» አለችው ገብረዋህድን።

ቀና ብሎ አያት። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ክፈት።»

ከፈተው። ወይዘሮ ጀማነሽ መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«ባክአፕ። በየቀኑ 8:00። እስኪያልቅ ሌላው ግንኙነት ሁሉ ይዘጋ። ያዘዘው፦ ሰብሊ።»