ድልድዩ ላይ የተቀመጡ ጫማዎች

ስትጠርግ መጥታ ጫማዎቹ ጋ ስትደርስ መጥረጊያዋ ቆመ።

ድልድዩ ጠርዝ ላይ፣ ከብረት አጥሩ ሥር፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጥቁር የወንድ ጫማ፣ ያረጀ። ካልሲዎቹ ተጠቅልለው በየውስጣቸው ገብተዋል።

«ደግሞ ምን አገኘሽ?» አለች ሻምበል ከመንገዱ ማዶ። ሻምበል እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ የጽዳት ሠራተኞቹን በሙሉ እንደ ወታደር ስለምታዝ የወጣላት ነው። «ብቻ ጥርስ እንዳይሆን!»

ባለፈው ወር አውቶቡስ ፌርማታው ሥር ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝተዋል፤ የላይኛውን ረድፍ ሙሉውን። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ክራንች። «ሰውየው ድኖ ሮጦ ሄዷል ማለት ነው» እያለች ሻምበል ቀኑን ሙሉ ስታስቃቸው ውላለች። ጫማማ ምን ብርቅ ነው? በስድስት ዓመት ውስጥ ያልጠረገችው የጫማ ዓይነት የለም። ግን ሁሌም አንድ እግር ነው፤ ወይ የተጣለ፣ ወይ የወደቀ። እንዲህ አልጋ ሥር እንዳለ ተስተካክሎ የተቀመጠ ጥንድ ጫማ አይታ አታውቅም።

ጎንበስ አለች። የቀኙ ማሰሪያ ጥቁር ነው። የግራው ቡናማ።

ቡናማውን ያስገባችው ራሷ ናት። ባለፈው እሑድ፣ ለልጇ ከጠበበው ጫማ ላይ ፈትታ።

«ሻምበል» አለች። ድምጿ ከየት እንደወጣ አላወቀችም። «የባሌ ነው።»

ባሏ አናጢ ነው። ይሠራበት የነበረው የእንጨት ሥራ ቤት ከተዘጋ አራት ወሩ። መጀመሪያ ሥራ ፍለጋ ይወጣ ነበር። ቀጥሎ መውጣቱን ተወ፤ ከዚያ ማውራቱንም። ትናንት ራት ላይ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «እኔ እኮ ሸክም ነው የሆንኩባችሁ» አላት። ደክሟት ነበር። «አሁን ደግሞ እንዳትጀምር» ብላ ሳህኖቹን አነሳች።

አሁን ጆሮዋ ላይ የሚጮኸው ያ ነው። እንዳትጀምር ማለቷ።

አጥሩን ይዛ ወደ ታች አየች። ሲዘንብ ስላደረ ወንዙ ሞልቷል፤ ቅርንጫፉንም ፕላስቲኩንም እየገፋ ይጋልባል። «አንተ!» ብላ ጮኸች። «አንተ ሰው!» ከውሃው ድምፅ በቀር የመለሰላት የለም።

ሻምበል መንገዱን መቼ እንደተሻገረች እንጃ፣ ወገቧን ከኋላ ጭምቅ አድርጋ ይዛታለች።

«ወደ ኋላ በይ! ጫማ ነው ያየሽው፤ ሰው አላየሽም። ቆይ እስቲ።»

«ካልሲውን ጠቅልሎታል እኮ! ሰው እንዲህ አድርጎ የሚያወልቀው…»

ከሻምበል እጅ ተላቅቃ፣ ጫማዎቹን ደረቷ ላይ አቅፋ በድልድዩ ጎን ባለው ቁልቁለት ወረደች። ወረደች ከማለት ተንሸራተተች ማለት ይሻላል። ከኋላዋ ሻምበል «ቀስ! ኧረ ቀስ በይ!» ትላለች። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሸምበቆ አለ። ሸምበቆው ይነቃነቃል፤ ነፋስ ግን የለም።

«ማን አለ እዚያ? እስቲ ባካችሁ መጥታችሁ ያዙልኝ!» አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ።

ባለችበት ቀረች። ድምፁን ታውቀዋለች፤ እንዲህ ሲጣደፍ ከሰማችው ግን አራት ወር ሆኗታል።

ባሏ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ በሁለት እጁ በር ይዟል። ሙሉ በር። ከነማጠፊያው፣ ከነእጀታው፤ ቁልፉ ሳይቀር ቀዳዳው ውስጥ እንደተሰካ። ጎርፉ ከየት አንስቶ እዚያ ሸምበቆ ላይ እንደጣለው ፈጣሪ ይወቅ።

ሲያያት ፊቱ በራ። «አንቺ ነሽ እንዴ? ጎሽ! ያንን ጫፍ ያዢልኝ! ከላይ ከድልድዩ ነው ያየሁት። ወጥ እንጨት ነው እኮ፣ ኮምፔርሳቶ እንዳይመስልሽ!»

አንዱን ጫማ ወረወረችበት። ትከሻውን መትቶ በሩ ላይ አረፈ። ሁለተኛውን ልትወረውር እጇን አነሳች፤ ግን መልሳ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ምን ሆነሻል? ቁልቁለቱ ጭቃ በጭቃ ነው፤ እንዳይረጥብ ብዬ ነው እላይ ያወለቅሁት፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

«እንዳይረጥብ?» አለች። «እንዳይረጥብ ነው የምትለኝ?» ሣሩ ላይ ዘፍ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

እሱ ጫማውን አየ። ከዚያ ድልድዩን፣ ከዚያ ወንዙን። ቀስ እያለ ገባው።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሻምበል እያለከለከች ደርሳ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ስትገባ ጫማህን አድርገህ ግባ! ነፍሳችንን አወጣኸው እኮ!» ይህን ብላ ቀሚሷን ሰበሰበችና የበሩን ጫፍ ያዘች። «በል አሁን ሳብ!»

ሦስት ሆነው፣ እየወደቁም እየተነሡም፣ አወጡት። ባሏ ውሃው ከእግሩ እየተንጠባጠበ አጠገቧ መጣ።

«አላሰብኩም አልልሽም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ዛሬ አይደለም። ዛሬ በሩን ነው ያየሁት።»

«ትናንት ደክሞኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ወደ በሩ ዞረ። «እስቲ አቁማችሁ ያዙልኝ።» ሴቶቹ ከወዲያ በኩል ደግፈው አቆሙት። እሱ ከወዲህ ጭቃውን በመዳፉ ጠረገ፤ ውስጡ በስብሶ እንደሆነም ለመስማት በጣቶቹ አንጓ መታው። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጥርት ያለ የደህና እንጨት ድምፅ። ንዝረቱ እሷ መዳፍ ድረስ መጣ።

«ማነው?» አለች፣ እንባዋ ገና ሳይደርቅ። ሳታስበው ነው ያመለጣት።

ባሏ ከበሩ ማዶ አንዴ ደግሞ አንኳኳ።

«እኔ ነኝ» አላት።