ለቶፊ እንቁላል የሚሰጣት ማነው?

ትንሿ ውሻ ቶፊ ዛሬም ሆዷን አክካ አክካ አቁስላዋለች። የእንስሳት ሐኪሙ እንቁላል እንደማይስማማት ከተናገረ ጀምሮ አሳዳጊዋ ሴትዮ ከሩዝና ከድንች በቀር ምንም አታቀርብላትም። ታዲያ ይሄ ማሳከክ ከየት መጣ?

ጊዜው ሁዳዴ ነው። እዚህ ቤት እንቁላል የሚጠበሰው ከቀዶ ጥገና ለተነሱት አባቷ ብቻ ነው። መጀመሪያ «ጾሜን አልገድፍም» ብለው አስቸግረዋት ነበር። አልጋቸው ሥር ቁጭ ብላ ስታለቅስባቸው ግን እሺ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሳህኑ ተጠርጎ ነው የሚመለሰው። የምትጠብሰው ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ዝናሽ ናት።

«ዝናሽ፣ ከአባባ ቁርስ እየቀነስሽ ለቶፊ ትሰጫታለሽ አይደል?»

«ኧረ እትዬ፣ የበሽተኛ ምግብ ለውሻ ልሰጥ? እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ፤ ባልነካውም ደስ ይለኝ ነበር።»

አላመነቻትም። በማግስቱ ዝናሽን በጠዋት ገበያ ላከቻትና እንቁላሉን ራሷ ጠብሳ ለአባቷ ሰጠች። ወጥ ቤት ስትመለስ ጨው መርሳቷ ትዝ አላትና ጨዉን ይዛ ሄደች። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል።

አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ከጋቢው የወጣው ክንዳቸው እንጨት መስሏል። ሳህኑን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርገው ይዘዋል።

«ብዪ የኔ ልጅ» አሉ በሹክሹክታ፤ «አንቺን ጾም አይመለከትሽም።»