ፖም የገባበት በግ

ልጅቷ ቪዲዮ ላይ ያየችውን ካልሠራሁ እሞታለሁ ብላ፣ የአሳማ ጎድን በድብቅ ገዝታ፣ ፖም ቆራርጣ፣ የጥብስ ቅጠል ነስንሳ ኦቨን ውስጥ ከተተችው። ወይኔ ሽታው! ምራቋን ሳትውጥ እናቷ ከቤተክርስቲያን ከች! እናቷ ማለት ቲቪ ላይ “አሳማ” ሲባል ከሰማች ቤቱን በሙሉ ጸበል የምትረጭ ሴት ናት። ከታወቀባት ኦቨኑም እሷም ውጭ ማደራቸው ነው።

“ምንድነው የሚሸተው?”

“በግ ነው እማዬ! እንዴት ያለ በግ መሰለሽ!”

እናቷ ኦቨኑን ከፍታ ቆረሰች። አላመጠች፣ አላመጠች፣ ኧረ አልጨርስ አለች! ልጅቷ በልቧ ሻንጣዋን መሸከፍ ጀመረች።

እናቷ ሄዳ በሩን ቀስ አድርጋ ቆለፈችው።

“አባትሽ ሳይመጣ ቶሎ እንብላ” አለች። “ደሞ ሌላ ጊዜ አሳማ ስትሠሪ ማር ቀባ አድርጊው፤ እንደዛ ነው የሚጥመው።”