የነርሷ ቀኝ እጅ

መብራት ጠፍቶ የሆስፒታሉ የመተንፈሻ ማሽን ከቆመ ጀምሮ ነርሷ በሱዳን ካለው የቁረይሻ እርሻ የመጣውን ሰሊጥ አጫጅ በእጇ ታስተነፍሰው ነበር፤ ጉሮሮው ውስጥ ከገባው ቱቦ ጋር የተያያዘውን የጎማ ፊኛ ትጨብጣለች፣ ትለቃለች።

«ኸላስ፣ በቃ፣ እህቴ። አንጎሉ ሞቷል፤ አቁሚ» አላት ሱዳናዊው ሐኪም።

«በእጄ ነፍስ አላጠፋም፣ ዶክተር።»

«አላስገድድሽም» አለና በምትኳ ሌላ ነርስ ጠራ። ተተኪዋ ፊኛውን ከቱቦው ነቅላ ትራሱ አጠገብ አኖረችው።

ነርሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቀኝ እጇ ግን ባዶ አየር መጨበጡንና መልቀቁን አልተወም። ወዲያው ከኋላዋ የሐኪሙ ድምፅ ተሰማ፤ «አሁንም ይተነፍሳል።»

ዞር ብላ አየች። መዳፏ ሲጨበጥ የአጫጁ ደረት ይነሳል፤ ሲከፈት ይወርዳል። እጇን በጋወኗ ኪስ ውስጥ ከትታ መጨበጧን ቀጠለች። ጣቶቿ ዝለዋል። አሁን ግን በምትኳ የሚጠራ ሰው አልነበረም።