ጣቱ የዘለላት ኩርባ

«ቅጥፈት ካለበት ምላሴ ይቆረጥ! ይህን የባሕር ገደል መንገድ ሰባት ጊዜ ብቻዬን ነድቼበታለሁ» አለ ባልየው፣ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ። «ማዕበሉ የመኪናዬን ጣራ እየላሰ፣ እኔ በአንድ እጄ መሪ፣ በአንድ እጄ ሙዝ!»

ሚስቱ ግን ጣቱን ነበር የምታየው። ጠረፉን እየዳሰሰ ሄዶ አንዲት ኩርባ ላይ ሲደርስ ብድግ ይልና ከማዶ ያርፋል። ነገ ሁለት ሕፃናት ይዛ የምትሳፈረው እሱን አምና ነው።

«እዚህ ጋ ማን አለችህ?»

«ኧረ በናትሽ! ድንጋይ ነው።»

«ታዲያ ድንጋዩ ምን አደረገህ?»

ላቡን ጠረገ። ጥግ ላይ ጋዜጣ ያነቡ የነበሩት አባቱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በሴት አትጠርጥሪው፣ ልጄ» አሉ በቀስታ። «የሄድነው አንዴ ነው፤ የነዳሁትም እኔ። እዚያች ኩርባ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ‹መልሰኝ አባባ› ብሎ አለቀሰ። ያኔ ጢም ነበረው።»