የምንይሉ መርፌ

ምንይሉ መርፌውን ማን እንደሚሰርቅበት የሰማው ወይዘሮ አመተሥላሴ ቢሮ ውስጥ ነው።

እሱ መሐል ሜዳ ባለ የምንጣፍ ፋብሪካ የጥበቃ ኃላፊ ነው፤ እሳቸው ሥራ አስኪያጅ። ደብረ ብርሃን የመረመረው ሐኪም፣ «ውፍረቱ ልብህን አስጨንቋታል። እንዲህ ከቀጠልክ ልጅህን አትድርም» ብሎታል። ልጁ ቤተል ብቻ ናት፤ ታጭታለች።

በሳምንት አንዴ የሚወጉት፣ በበረዶ የሚያዝ የውፍረት መቀነሻ መርፌ አለ። ዋጋው በጥበቃ ደመወዝ አይቀመስም። ግማሹን ፋብሪካው፣ ግማሹን መድን ድርጅቱ ሊችሉ ተስማሙ። መድን ድርጅቱ ግን አንድ ነገር አስቀደመ፦ ታማሚው መጀመሪያ በየቀኑ በእግሩ ይሂድ፤ ካልቀነሰ ያኔ መርፌው ይከፈልለታል።

«ያለ ጉዳይ ዳገት የሚወጣ ወይ ፍየል ነው ወይ እብድ» አለ ምንይሉ። አሻፈረኝ እንዳለ ቀረ።

ወይዘሮ አመተሥላሴ አልተከራከሩትም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አስጠሩትና በሩን ዘጉ።

«መድኖቹ እሺ ብለው ነበር። መርፌህም መጥቶ ነበር።»

«ነበር?»

«እየመጣ ይጠፋል። አስፋውን ጠርጥሬዋለሁ።»

አስፋው መልእክተኛው ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ። ሰሞኑን በየማለዳው ትንሽ የበረዶ ሳጥን አንጠልጥሎ በጓሳ ተራራ በኩል ሲወጣ ሰው ሁሉ ያየዋል።

«አሁኑኑ አንገቱን ይዤ አመጣልዎታለሁ!»

«ገዢውንስ በምን እናገኘዋለን? አያትህ ከጥብቁ የጓሳ መሬት ሣር የሚሰርቀውን ሌባ እንዴት ነበር የሚይዙት?»

ምንይሉ ደረቱን ነፋ። አያቱ ስመ ጥር የጓሳ ጠባቂ ነበሩ። «ሌባ ሲያጭድ አይያዝም ይሉ ነበር። ዝም ብለህ ትከተለዋለህ፤ የደበቀው ክምር ዘንድ ራሱ ያደርስሃል።»

«እንግዲህ የአያትህ ልጅ ሁን።»

«ሞተር ሳይክሉን ልያዝ?»

«ድምፁን ሰምቶ እንዲጠነቀቅ?»

በመጀመሪያው ቀን ዳገቱን ሳያጋምስ ትንፋሹ አጠረ። ደግነቱ አስፋው የጫማውን ክር ሊያስር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። ምንይሉ ከአንድ ረጅም የጅባራ ተክል ጀርባ ሆኖ ነፍሱን መለሰ። «ጅል ሌባ» አለ በልቡ።

በማግስቱ አስፋው መንገድ ቀየረ። ከዚያም ቀየረ። ዳገቱ ከቀን ቀን ይብስ ጀመር። ገዢ የሚባል ግን አልመጣም፤ ሳጥኑን ይዞ ይወጣል፣ ይዞ ይመለሳል። ጉም ወርዶ መንገዱ ሲጠፋ እንኳ ምንይሉ አልሳተውም፤ ጉም በወረደ ቁጥር አስፋውን ሳል ይይዘዋል።

ሁዳዴ ገባ። የደንብ ልብስ ሰፊዋ እስከዳር ሜትሯን ወገቡ ላይ ጣል አድርጋ ሳቀች።

«ጋሼ ምንይሉ፣ ይህን ሱሪ ከማን ተዋሱት?»

«ጾም ነው። ፋሲካ ይሞላዋል።»

የፋብሪካው ነርስ ጌታነሽ የደም ግፊቱን ለካች። ደግማ ለካች።

«ግፊትህ ወርዷል፤ ምን እየወሰድክ ነው አንተ?»

«ንዴት።»

አንድ ቀን አስፋውና እስከዳር ሲንሾካሾኩ ደረሰባቸው። ጭጭ አሉ። እሷም አለችበት! ሌላ ቀን አስፋው ከወይዘሮ አመተሥላሴ ቢሮ እየሳቀ ወጣ። እሳቸውም? በዓይኑ የቤተል ሠርግ መጣበት፤ ድንኳኑ ሞልቷል፣ የአባትየው ወንበር ባዶ ነው።

በሆሳዕና ዋዜማ ትዕግሥቱ አለቀ። አያቱም ይቅር ይበሉት። ከጅባራው ጀርባ ብድግ አለና ዳገቱን በሩጫ ተያያዘው። አስፋው ዘወር ብሎ አየውና እሱም ሮጠ። ምንይሉ ደረሰበት፣ አለፈው፣ ጫፉ ላይ ቆሞ መንገዱን ዘጋ።

የሚያለከልከው አስፋው ነበር።

«ሌባ! የልጄን አባት ነው የሸጥክባት!»

«እስቲ... እስቲ መጀመሪያ ልቀመጥ።»

«ሳጥኑን ክፈት!»

አስፋው ላቡን ጠረገ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሳጥኑን ገፋ አደረገለት። «ክፈተው። እኔስ ጉልበቴ አልቋል።»

ምንይሉ ክዳኑን ገነጠለው።

መርፌም በረዶም የለበትም፤ ውስጡ የተጣጠፈው ወገቡ የጠበበ አዲስ የጥበቃ ሱሪ ነው፤ ኪሱ ላይ በእስከዳር ክር «ምንይሉ» ተብሎ ተጠልፎበታል።